ሳጥኖቹ መናገር የጀመሩ ሰሞን

ሰው ሥራው ሲጠየቅ ባጭሩ ይመልሳል። ሹፌር ነኝ፣ መምህር ነኝ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ ይልና ነገሩ ያልቃል። እኔ ግን “አዳማ አንድ ሆቴል ውስጥ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ” ስል ጠያቂዬ ጥቂት ያስብና “እ... ዋይፋዩን ነው?” ይለኛል። አዎ፣ ዋይፋዩን ነው። አክስቴማ ከዚያም አሳጥራ “ሆቴል ውስጥ ገመድ ይሰካል” ብላ ነው ለዘመድ የምታስተዋውቀኝ። አልተሳሳተችም። ያን ሰሞን የደረሰብኝን ብትሰማ ግን ለሰው ማስተዋወቁንም ትተወው ነበር።

የሆቴሉ ስም ይቅር። አዳማን የሚያውቅ እንደሚገምተው እንጀራችን ስብሰባና ሥልጠና ነው። ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ ከባቱ ይመጣሉ፣ ከሻሸመኔ ይመጣሉ፤ ከተማችን ሙቀቷን ለሚችል ሁሉ ወንበርና ፕሮጀክተር አላት። ሦስት አዳራሽ አለን፣ አራት ፎቅ መኝታ አለን። በየፎቁ ደግሞ ስዊች የሚባል ሳጥን አለ፤ ከየክፍሉ የሚመጣው የኢንተርኔት ገመድ የሚሰካው እሱ ላይ ነው፤ የሚሰካበት ቀዳዳ ፖርት ይባላል። የሳጥኖቹ ሁሉ አለቃ የሆነው ዋናው ስዊች የሚገኘው ከትልቁ አዳራሽ መድረክ ጀርባ፣ በር በሌለው አንድ ጠባብ ጓዳ ውስጥ ነው። ቦታውን ማን እንደመረጠው ጠይቄያለሁ። ሁሉም ሌላውን ሰው ይጠቁመኛል።

ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ዘነበች ይባላሉ። ሌላ ሰው ሲቆጣ ድምፁ ከፍ ይላል፤ የእሳቸው ዝቅ ይላል። ጠጋ ብላችሁ መስማት ካስፈለጋችሁ ነገሩ ተበላሽቷል ማለት ነው። አንድ ቀን ሁለተኛው አዳራሽ ውስጥ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ተሰብሳቢው ለአስተናጋጁ ነገረ፣ አስተናጋጁ ለእንግዳ መቀበያ፣ እንግዳ መቀበያ ለወይዘሮ ዘነበች። እኔ ይህ ሁሉ ሲሆን ጓሮ ቁጭ ብዬ ምሳዬን እበላ ነበር። ወይዘሮ ዘነበች ራሳቸው መጡና ከጎኔ ቆሙ። የሚሉትን ለመስማት ማኘክ ማቆም ነበረብኝ።

“ጋሽ ቱሉ ሳይቀሩ ሰምተዋል” አሉኝ። “አንተ ለምንድን ነው የመጨረሻው የምትሆነው?”

ጋሽ ቱሉ የበር ጥበቃችን ናቸው። ወይዘሮ ዘነበች ቀጥለው፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሆቴሎችን ኔትወርክ ከሩቅ ሆኖ የሚከታተል ድርጅት እንዳለ፣ ስልኩም እጃቸው ላይ እንዳለ ነገሩኝ። ምሳዬን አልጨረስኩም።

በማግስቱ መጽሐፍ፣ መመሪያ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሳገላብጥ ዋልኩና አንድ ነገር ደረስኩበት። ሳጥኖቹ ለካ አፍ አላቸው። ገመድ ሲነቀል፣ መብራት ሲሄድ፣ ሲሞቃቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ወደመረጣችሁላቸው ኮምፒውተር አጭር መልዕክት ይልካሉ። በእኛ ሙያ ይህ መልዕክት “ትራፕ” ይባላል። ወጥመድ ማለት ነው። አስተዋይ ሰው ቢሆን ስሙን ሲሰማ ይጠነቀቅ ነበር። እኔ ደስ አለኝ።

ሥራውን በአንድ ጠዋት ጨረስኩት። በአንድ ጠዋት ሦስት ስህተት መሥራት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ትጋት ይጠይቃል። የመጀመሪያው፣ ሳጥኑ “ስለ ምን ስለ ምን ልንገርህ?” ብሎ ረጅም ዝርዝር ሲያመጣልኝ “ስለ ሁሉም” አልኩት። ሁለተኛው የይለፍ ቃሉ ነው። ሳጥኑን ስለ ራሱ ለመጠየቅ የሚያገለግለው ቃል ከፋብሪካ ሲመጣ “ፐብሊክ” ተብሎ ተጽፏል፤ ሳጥኑን ለመለወጥ የሚያገለግለው ደግሞ “ፕራይቬት”። የሕዝብና የግል እንደማለት ነው። አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ምን አስነካኝ ብዬ እንዳለ ተውኩት። ይህን ቃል በየአገሩ ያለ ስዊች ሁሉ ይዞት እንደሚወለድ አላውቅም ነበር ብል ውሸት ይሆናል። አውቅ ነበር። ማወቅና ማድረግ ግን በአንድ ሰው ውስጥ ሳይተዋወቁ ለዓመታት ሊኖሩ ይችላሉ።

ሦስተኛው ስህተቴ የጉራ ነው። መልዕክቶቹ ወደ እኔ ስልክ ብቻ እንዳይመጡ ብዬ ከሆቴሉ ሠራተኞች የስልክ ግሩፕ ጋር አያያዝኳቸው። ወይዘሮ ዘነበች ትጋቴን በዓይናቸው ይዩት ብዬ ነው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ኪሴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ እንግዳ ላፕቶፑን ሲዘጋ አንድ መልዕክት፣ ሲከፍት ሌላ መልዕክት። የእሑድ ጠዋት እንግዳ ደግሞ ከመዝጋትና ከመክፈት ሌላ ሥራ የለውም። ስልኬ ከነጠላው ሥር ከሱሪ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ቅዳሴ መሀል ነጠላ ገልጦ ኪስ መፈተሽ አይሆንም። ዝም ብዬ ተንቀጠቀጥኩ። አጠገቤ የቆሙ ሽማግሌ ሁለት ሦስቴ በጎን አዩኝ። በመጨረሻ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጭነው “ይማርህ ልጄ፣ ይለቅሃል” አሉኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ሆቴል ስደርስ ግሩፑ ውስጥ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። ሳጥኑ የጻፈው “ፖርት 14 ወደቀ” የሚል ነው፤ በእኛ አነጋገር ከዚያ ቀዳዳ ጋር ያለው ግንኙነት ተቋረጠ ማለት ነው። የወጥ ቤት ኃላፊዋ ሙና ከሥሩ “ወይኔ፣ ተጎዳ?” ብላለች። ከልብስ ማጠቢያ አንዷ “እግዜር ያትርፈው” ብላለች። ከዚያ “ፖርት 14 ተነሳ” ይላል። “ተመስገን” ብላለች ሙና። ከዚያ እንደገና ይወድቃል። አንዱ አስተናጋጅ፣ ፖርት የሚባለው አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ ነው ወይ ብሎ ጠይቋል፤ ማንም አልመለሰለትም።

ሰኞ ጠዋት በር ላይ ጋሽ ቱሉ እንደ ልማዳቸው “አካም ቡልተ” ብለው ተቀበሉኝ። ደህና አድሬያለሁ አልኩ። ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝ።

“ይሄ ፖርት የምትሉት ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲወድቅ ሲነሳ ነው የሚውለው” አሉኝ። “መጠጥ ይወዳል መሰለኝ። ከመባረሩ በፊት ምከሩት።”

እመክረዋለሁ አልኩና አለፍኩ። እስከዚያን ቀን ማታ ከሙና በቀር ሁሉም የግሩፑን ድምፅ አጥፍቷል። ልናገር ካልኩ አይቀር፣ እኔም አጥፍቻለሁ። እንዲያነቃኝ ብዬ ያቆምኩትን ዘበኛ ራሴው ዝም አሰኘሁት።

በዚያው ሰኞ በትልቁ አዳራሽ የአንድ ሳምንት ሥልጠና ተጀመረ። ሠልጣኞቹ ከሞጆ፣ ከባቱ፣ ከሻሸመኔና ከዚያ አካባቢ የመጡ የየመሥሪያ ቤቱ ቴክኒሻኖች ናቸው። አሠልጣኟ መምህርት ለሊሴ ይባላሉ፤ ከኩየራ የመጡ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ጥያቄ ጠይቀው መልሱ እስኪመጣ ሳይቸኩሉ የሚጠብቁ ሴት ናቸው። ፕሮጀክተሩን ሳገናኝላቸው አመሰገኑኝ። ሥልጠናው ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ ጠዋት ስልኬን ብከፍት የሁለተኛ ፎቁ ስዊች ስም ተቀይሯል። “ፎቅ ሁለት” ይባል የነበረው ሳጥን አሁን በላቲን ፊደል “ራበኝ” ይባላል። የሦስተኛው ፎቅ “ሙቀት ገደለኝ” ሆኗል። ዋናው ስዊች ስሙ “አለቃዬ ተኝቷል” ነው። ስሞቹን መለስኩ። ከሰዓት በኋላ እንደገና ተቀይረው አገኘኋቸው። መለስኩ። ተቀየሩ። ሳጥኖቹን አጥፍቼ አበራሁ፣ ገመድ ቀየርኩ፣ አቧራቸውን ጠረግሁ። ያላሰብኩት ነገር ቢኖር የይለፍ ቃሉን ነው። ከልብስ ማጠቢያ ያቺው ሴት ጠበል ብትረጭባቸውስ አለችኝ። ጠበልና ኤሌክትሪክ አይስማሙም አልኳት እንጂ ለአፍታ ልቤ አልሸፈተም አልልም።

ሙና ደግሞ ደግ ናት። ግሩፑን የሚያነብ ብቸኛ ሰው እሷ ሆና ቀርታ የለ፣ “ራበኝ” የሚለውን አየችና ሁለተኛ ፎቅ የተራበ እንግዳ አለ ብላ አንድ ሳህን ፍርፍር ላከች። አስተናጋጁ በየክፍሉ አንኳኩቶ ባለቤት ሲያጣ፣ ሳህኑን የስዊቹ ሳጥን ያለበት ቁምሳጥን ደፍ ላይ አስቀምጦት ወረደ። እኔ ስሙን ልመልስ ስወጣ አገኘሁት። በላሁት። ጥሩ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነው። ረቡዕ ግን የሳቁ ባለቤት እኔ መሆኔ ቀረ።

ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የክብር እንግዳ መጥተው ለሠልጣኞቹ ንግግር ያደርጉ ነበር። ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል፤ የሚናገሩት ስለ ዝግጁነት ነው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስሞቹ እንደገና ተቀይረው እንደሆነ ስልኬን ከፈትኩ። “ዋናው ስዊች፦ እሳት። እየነደድኩ ነው” ይላል።

አሁን ረጋ ብዬ ሳስበው፣ ስዊች ሙቀቱን በቁጥር ይናገራል እንጂ እየነደድኩ ነው አይልም። የሚነድ ሳጥን ቁጭ ብሎ ደብዳቤ አይጽፍም። ያኔ ግን አላሰብኩም። ከኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ቀዩን የእሳት ማጥፊያ ነቀልኩ፣ እየሮጥኩ ቀለበቱን ሳብኩ፣ የአዳራሹን በር በትከሻዬ ገፍቼ በወንበሮቹ መሀል ወደ መድረኩ በረርኩ። ሌላ መንገድ የለም፤ ጓዳው ከመድረኩ ጀርባ ነው። መድረኩ ሥር ስደርስ እግሬ የፕሮጀክተሩ ገመድ ላይ ተጠለፈ። ገመዱን እዚያ የዘረጋሁት ራሴ ነኝ። ስወድቅ የጨበጥኩትን እጀታ ጠበቅ አደረግሁት።

የማጥፊያው ዱቄት ሲሰክን ክቡር እንግዳው ከእግር እስከ ራስ ነጭ ሆነው ቆመዋል። ሰውየው ጨዋ ናቸው፤ ወረቀታቸውን አራገፉና በማይክሮፎኑ፣ “ተግባራዊ ልምምዱ ዛሬ መሆኑ አልተነገረኝም ነበር” አሉ። እኔ ተነስቼ ጓዳው ውስጥ ገባሁ። ስዊቹ ቀዝቀዝ ብሎ አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ምንም አልሆነም።

ወይዘሮ ዘነበች ቢሯቸው ውስጥ የተናገሩትን ለመስማት ጠረጴዛቸው ላይ ልተኛ ምንም አልቀረኝም። የአዲስ አበባውን ድርጅት እንደደወሉለት፣ ሰኞ ሰዎቹ መጥተው ሥራውን እንደሚረከቡ ነገሩኝ። ሥልጠናው ዓርብ ያልቃል። “እስከዚያ ድረስ” አሉኝ፣ “እባክህ አትሩጥ።”

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን መድረኩን ስጠርግ መምህርት ለሊሴ ገቡ። ከኋላቸው ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ክራቫት ያሰሩ፣ ሰኞ ለዋይፋይ ስመዘግባቸው ከሠልጣኞቹ ሁሉ ዝምተኛ ናቸው ብዬ የገመትኳቸው ሰው አሉ። ደረጀ እባላለሁ፣ ከሞጆ ነኝ አሉኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“እሳቱ” አሉ፣ “እኔ ነኝ።”

ነገሩን ሲያስረዱኝ አንገታቸውን ደፍተው ነው። ሰኞ ዕለት ሥልጠናው ላይ ከፋብሪካ ስለሚመጡት ቃሎች ተምረው ነበር። መኝታ ክፍላቸው ሆነው በእንግዳው ዋይፋይ በኩል እስቲ ብለው ሞከሩት፤ ተከፈተላቸው። ስም ቀየሩ። እኔ ስመልሰው ደስ አላቸው፣ እንደገና ቀየሩ። “ጨዋታ የያዝን መስሎኝ ነበር፣ ወንድሜ” አሉኝ። የእሳቱን መልዕክት ደግሞ ከስዊቹ ሳይሆን ከራሳቸው ላፕቶፕ ነው የላኩት። የእኔ ኮምፒውተር ላኪው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ተቀበለ። “እሱ ቢቀበል እንኳ አንተ ትስቃለህ ብዬ ነበር። ትሮጣለህ ብዬ አላሰብኩም።”

ለወይዘሮ ዘነበችም ሄደው ጥፋተኛው እሳቸው መሆናቸውን እንደተናገሩ ገለጹልኝ። ምን እንዳሉ ጠየቅኋቸው። ወይዘሮ ዘነበች፣ በሩን የከፈተው ሳይሆን ክፍት የተወው ነው የእኔ ሠራተኛ ብለዋቸዋል።

“ለመሆኑ ሥልጠናው ስለ ምን ነው?” አልኩ መምህርት ለሊሴን።

ስለ ኔትወርክ ደኅንነት ነው አሉኝ። ትልቁ በር ላይ ባነር ተሰቅሏል። የሰቀልኩት እኔ ነኝ።

መምህርት ለሊሴ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መጥረጊያዬን አስቀምጠው ወንበር ሳቡልኝና “እነዚህ ሳጥኖች ስለ ምን እንዲነግሩህ ትፈልጋለህ?” ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ጠበቁ። ስለ ሁሉም ልል ነበር፤ ተውኩት። ሲሞቃቸው፣ መብራት ሲያጡ፣ ዋናው መስመር ሲቋረጥ፣ አልኩ። ሌላውስ? ሌላው አይመለከተኝም። ፖርት 14 በሰላም ይውደቅ፣ በሰላም ይነሳ።

ቀጥለው “ለማን እንዲናገሩ ትፈልጋለህ?” አሉ። ለእኔ ኮምፒውተር ብቻ። “ኮምፒውተርህስ ማንን ይስማ?” የእኔን ሳጥኖች ብቻ። ይኼን ሁሉ እኔው አውቀው ኖሯል ለካ፤ የጠየቀኝ ሰው ነው የጠፋው። በዚያ ከሰዓትና በማግስቱ በምሳ ሰዓት እሳቸው ወንበር ላይ፣ አቶ ደረጀ ከጎኔ መሬት ላይ ተቀምጠው ሠራን። የፋብሪካውን ቃሎች ሰረዝን። ሳጥኖቹ በአሮጌው መንገድ መናገር አቁመው በአዲሱ እንዲናገሩ አደረግን፤ በአዲሱ መንገድ እያንዳንዱ መልዕክት የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ምልክት ይዞ ይመጣል፣ ውስጡም በመንገድ ላይ ማንም እንዳያነበው ይቆለፋል። ለእያንዳንዱ አንድ የተጠቃሚ ስምና ሁለት ረጃጅም የይለፍ ቃል ሰጠን። ማዘዝ የሚባለውን ነገር ዘጋነው፤ መጠየቅ እንጂ መለወጥ የለም። ሳጥኖቹ የሚነጋገሩበትን መስመር ደግሞ ከእንግዶቹ ዋይፋይ ለይተን ለብቻው አደረግነው። የአንዱ ሳጥን ሰዓት ከዘመኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኘ፤ ሰዓቱ ካልተስማማ መልዕክቱ የቆየ ነው ተብሎ ሊጣል ይችላል አሉ መምህርት ለሊሴ፤ አስተካከልነው። አቶ ደረጀ ከላፕቶፓቸው እንደገና የውሸት እሳት ላኩ። ኮምፒውተሬ አላውቅህም ብሎ ጣለው። ሰውየው ከእኔ በላይ ደስ አላቸው።

“መልዕክት መቀበል ቀላል ነው” አሉኝ መምህርት ለሊሴ ሲነሱ። “ከማን እንደሆነ ማወቁ ነው ሥራው።”

መልዕክቶቹን ከግሩፑም አውጥቼ ከኮምፒውተሬ ወደ እኔ ስልክ ብቻ እንዲመጡ አደረግሁ። ሙና፣ ፖርት ምን ሆነ ብላ ጠየቀችኝ። ሥራ ለቀቀ አልኳት።

ዓርብ የምስክር ወረቀት መስጫ ቀን ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ሰዎች ዝግጅቱን ከሩቅ ሆነው በኢንተርኔት ይከታተላሉ። አስዋቢዎቹ ከማለዳው ጀምሮ የመድረኩን ጀርባ በወፍራም ቀይ ከፋይ ጨርቅ ጋርደው፣ ከላዩ “እንኳን ደስ አላችሁ” የሚል ትልልቅ ፊደል፣ ዙሪያውን ፊኛ ሰቅለውበታል። ክቡር እንግዳው ዛሬም መጥተዋል። ነጭ ሱፍ ለብሰዋል። አርቀው የሚያስቡ ሰው ናቸው።

የስም ጥሪው እንደተጀመረ ስልኬ አንዴ ተንቀጠቀጠ። አንዴ ብቻ። “ዋናው ስዊች፦ ሙቀት ከልክ በላይ።” ቁጥሩም አለ። ኮምፒውተሩን አየሁ፤ ምልክቱ ትክክል ነው፣ ላኪው እውነተኛው ሳጥን ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ሁሉ ከፋይ የጓዳውን አፍ ደፍኖታል፤ በአዳማ ሙቀት ስዊቹ ታፍኗል። ትንሽ ከቆየ ራሱን ያጠፋል፤ እሱ ከጠፋ የሆቴሉ ኔትወርክ በሙሉ፣ የሚተላለፈው ዝግጅትም አብሮ ይጠፋል።

አልሮጥኩም። መሮጥ ተከልክያለሁ። በግድግዳው ጥግ፣ ሽንት እንደያዘው ሰው በጠባብ እርምጃ ሄድኩ። መድረኩ አጠገብ ወይዘሮ ዘነበች ቆመዋል። ሲያዩኝ ክንዳቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘጉት። ዓይናቸው መጀመሪያ የሄደው ወደ እጄ ነው፤ እሳት ማጥፊያ የያዝኩ እንደሆነ ለማየት።

ስዊቹ ከመጠን በላይ ሞቋል፣ ከፋዩ መውረድ አለበት አልኳቸው በሹክሹክታ። ሳጥኑ ነው የነገረህ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። ባለፈውም እሱ ነው የነገረህ አሉ። ባለፈው እሱ አልነበረም አልኩ፤ ይህን አሳጥሮ ማስረዳት አይቻልም። አቶ ደረጀ በፊተኛው ረድፍ ሆነው ሁለት እጃቸውን ከፍ አድርገው እኔ አይደለሁም የሚል ምልክት አሳዩኝ።

“አይመኑኝ” አልኳቸው። “እጅዎን ብቻ ያስገቡ።”

ወይዘሮ ዘነበች ጥቂት አዩኝ። ከዚያ በከፋዩ ጠርዝ በኩል እጃቸውን ወደ ጓዳው ሰደዱ። ወዲያው መለሱት። መዳፋቸውን አዩት፣ መድረኩን አዩት፣ ስማቸው እየተጠራ የሚሰለፉትን ሠልጣኞች አዩ። አስዋቢዎቹን ልጥራ ስል ከፋዩን ራሳቸው በሁለት እጃቸው ጨበጡና ወደ ታች ሳቡት።

ሁሉም አብሮ ወረደ። ከፋዩ ወረደ፣ ፊኛው ፈነዳ፣ “እንኳን” ክቡር እንግዳው ትከሻ ላይ አረፈ፣ “ደስ” እና “አላችሁ” መሬት ላይ ተደራርበው ወደቁ። ከኋላ ጓዳው ተገልጦ ዋናው ስዊች ከነገመዱ፣ ከነመብራቱ ለሕዝብ ታየ። ከዚያ ኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ የኔትወርክ ሥልጠና መዝጊያ አይደል፣ መሣሪያው በክብር የተመረቀ መስሎታል። ሌላውም ተከተለ። መምህርት ለሊሴ ተነስተው ቆሙ፣ አዳራሹም አብሯቸው ተነሳ። ክቡር እንግዳው “እንኳን”ን ከትከሻቸው አንስተው እያጨበጨቡ በአድናቆት ወደ ስዊቹ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ።

ወይዘሮ ዘነበች ለጭብጨባው እጅ ነሱ። እኔም ከጎናቸው እጅ ነሳሁ። እንዳጎነበሱ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ “ለሰኞዎቹ ሰዎች ደውልላቸው” አሉኝ። “እንዳይለፉ በላቸው።”